ቨርቹዋል ቅንጣቶች በእውነት አሉ ወይ? የአንድ ረጅም ክርክር ታሪክ

ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ዘመናዊ ፊዚክስ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ብዙ መጻሕፍት ባዶ ቦታ ባዶ አይደለም፣ «ቨርቹዋል» የሚባሉ ቅንጣቶች ከምንም ብቅ ብለው ወዲያው ይጠፋሉ ይላሉ። ተማሪዋ እጇን ታወጣና «ታዲያ ማን አያቸው? ካልታዩስ አሉ የምንለው በምን ማስረጃ ነው?» ትላለች። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ ትልልቆቹ የፊዚክስ ሊቃውንትም አልተስማሙበትም። በጎሮምም ሆነ በሌላ ሰፈራ፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ክፍል ውስጥ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ይዘን ስንቆም ተማሪው የሚመካው በእኛ ቃል ነው። «መጽሐፉ ስላለ ነው» ብለን ካለፍነው ሳይንስን ከገበያ ወሬ ጋር እኩል አደረግነው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሐሳቡ ከየት እንደመጣና ማን ምን ብሎ እንደተከራከረበት በታሪክ መልክ እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንጀምር። «ቨርቹዋል» የሚለውን ቃል ተማሪዎቻችን መጀመሪያ የሚያገኙት በመስታወት ትምህርት ነው። ከጠፍጣፋ መስታወት ፊት አንድ ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ ምስላችሁ ከመስታወቱ በስተጀርባ አንድ ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ከጀርባው ዞራችሁ ብትፈልጉ ማንም የለም፤ እዚያ ወረቀት ብትዘረጉም ምንም አያርፍበትም። ይሁን እንጂ ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ምስል ሥራውን ይሠራል፣ ሹፌሩም ከኋላው የሚመጣውን መኪና በዚያው ያያል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ብርታት ወይም ችሎታ ማለት ነው፤ በአካል ባይሆን እንኳ በሥራው ያለ እንደማለት። ችግሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው። «ምናባዊ ቅንጣት» ካልነው የለም ብለን ፈረድን፤ «ስውር ቅንጣት» ካልነው ደግሞ አለ፣ ተደብቆ ነው እንጂ ብለን ፈረድን። ሁለቱም ክርክሩ ሳይጀመር መልሱን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የውጭውን ቃል እንዳለ መያዝ ይሻላል።

ወደ ኳንተም ፊዚክስ ቃሉ የገባው በ1920ዎቹ ነው። በ1924 ቦር፣ ክራመርስና ስሌተር በኮፐንሃገን ሆነው አቶሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በ«ቨርቹዋል» የጨረር መስክ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በእነሱ አባባል ኢነርጂ የሚጠበቀው በአማካይ ብቻ ነበር። በዓመቱ ቦተና ጋይገር በርሊን ላይ ሞክረው ኢነርጂ በእያንዳንዱ ግጭት እንደሚጠበቅ አሳዩና ሐሳቡ ወደቀ። ቃሉ ግን አልወደቀም፤ በስሌት መሐል ላይ ለሚያልፉ፣ መጨረሻ ላይ ግን ለማይታዩ ደረጃዎች መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አቶምም እኮ አይታይም ነበር» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፣ ያንን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ እንደ ማኽና ኦስትቫልት ያሉ የተከበሩ ሊቃውንት አቶም ለስሌት የሚመች ሐሳብ እንጂ ያለ ነገር መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር። ቦልትዝማን ዕድሜውን በሙሉ ሲከራከራቸው ኖሮ በ1906 አረፈ። ነገሩን የቆረጠው ከዚህ በፊት እንደ ቀላል ነገር የታየ ክስተት ነው፤ ሮበርት ብራውን በ1827 በማይክሮስኮፕ ሲያይ ውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ብናኞች ያለዕረፍት ይንቀጠቀጡ ነበር። አይንሽታይን በ1905 የብናኙን መንቀጥቀጥ ከውኃው ሞለኪውሎች ግፊት አስልቶ አሳየ፤ ዣን ፔረን በ1908 እና በ1909 ለካው። ፔረን በአንድ መንገድ ብቻ አላቆመም፤ ፈጽሞ በማይገናኙ ብዙ ዘዴዎች የሞለኪውሎችን ቁጥር ሲቆጥር ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር ሰጡት። በ1909 ኦስትቫልት ራሱ ተረታ። (የብራውን እንቅስቃሴ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በ2004 ከመስፍን አስፋው ጋር በብራውን እንቅስቃሴ ስለሚሠራ የሙቀት ሞተር ጽፈዋል። በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩት እኚህ መምህር በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ከሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው።)

እንግዲህ ከአቶም ታሪክ የምናገኘው መለኪያ ይህ ነው። አንድ የማይታይ ነገር አለ የሚባለው በተለያዩ መንገዶች ስንቆጥረው ቁጥሩ አንድ ሲሆን ነው። ቨርቹዋል ቅንጣቶች ይህን ፈተና ያልፋሉ ወይ?

ለአዎንታው ወገን ዋናው ታሪክ የዩካዋ ነው። ሂዴኪ ዩካዋ በ1935 ጃፓን ውስጥ ሆኖ የአቶም ኒውክሊየስ ለምን እንደማይበታተን ሲያስብ፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን አንድ ቅንጣት እየተቀባበሉ ይሳሳባሉ የሚል ንድፈ ሐሳብ አወጣ። ኃይሉ በጣም አጭር ርቀት ላይ ብቻ ስለሚሠራ የቅንጣቱ መጠነ ቁስ ከኤሌክትሮን 200 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት ብሎ አሰላ። በ1938 ጣሊያናዊው ጃን ካርሎ ቪክ ይህንን በሃይዘንበርግ እርግጠኛ ያለመሆን መርሕ አቅልሎ አስረዳ፤ ርቀቱ ያጠረው ቅንጣቱን ለመሥራት የጎደለው ኢነርጂ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሊታለፍ ስለሚችል ነው አለ። ዛሬ በየመጽሐፉ «ኢነርጂ ተበድሮ ባለዕዳው ሳይነቃ መመለስ» እየተባለ የሚቀርበው ምሳሌ ዘር ማንዘሩ እዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ መጠኑ የሚቀራረብ ቅንጣት በኮስሚክ ጨረር ውስጥ ስለተገኘ ሁሉም የዩካዋ ነው ብሎ ነበር። አለመሆኑን ያሳዩት ኮንቬርሲ፣ ፓንቺኒና ፒቾኒ የተባሉ ሦስት ወጣት ጣሊያናውያን ናቸው። ሮም በ1943 በቦምብ ስትመታ መሣሪያቸውን ተሸክመው ቫቲካን አጠገብ ወዳለ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምድር ቤት አስገቡና እዚያ ቀጠሉ። ትክክለኛው የዩካዋ ቅንጣት፣ ፓዮን፣ በ1947 በብሪስቶል ቡድን ተገኘ፤ ከማስረጃዎቹ አብዛኛው የተሰበሰበው ቦሊቪያ ውስጥ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የቻካልታያ ተራራ ላይ በተቀመጡ የፎቶ ፕሌቶች ነበር። ልብ በሉ፣ በኒውክሊየስ ውስጥ «ቨርቹዋል» የነበረው ቅንጣት ከሰማይ መጥቶ ፕሌት ላይ አሻራውን ተወ።

ሌላ ምሳሌ ከራሳችን ሰማይ እንውሰድ። መጋቢት ላይ ጁባን እንደ ምጣድ የሚያግለው ፀሐይ ሥራውን የሚጀምረው ሁለት ፕሮቶኖች ሲገናኙና አንደኛው ወደ ኒውትሮን ሲለወጥ ነው። ለውጡ የሚካሄደው በደብልዩ ቅንጣት በኩል ነው። ደብልዩ ከፕሮቶን ከ80 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ፀሐይ ውስጥ በዚያ ቅጽበት የሚገኘው ኢነርጂ ደግሞ እሱን ለመሥራት ከሚያስፈልገው በአሥር ሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚያ ደብልዩ ቨርቹዋል ነው እንላለን። በ1983 ግን ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በቂ ኢነርጂ ተሰጥቶት ራሱን ችሎ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ከሰማን «አሉ» ብለን ልንጨርስ ነበር። ክርክሩን የሚገለብጠው ግን በዚያው በ1947 የተጀመረ ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ቆየት እንበል።

በዚያ ዓመት ዊሊስ ላምና ሮበርት ሬዘርፎርድ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮጂንን አቶም ሲለኩ፣ በዲራክ እኩልታ መሠረት እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለት የኢነርጂ ደረጃዎች በ1,000 ሜጋኸርዝ ገደማ ተለያይተው አገኟቸው። ሃንስ ቤተ ወሬውን ከስብሰባ ሰምቶ ወደ ስከነክተዲ በሚሄድ ባቡር ላይ ስሌቱን ጀምሮ 1,040 የሚል ቁጥር አገኘ። ኤሌክትሮኑ ከራሱ መስክ ጋር የሚያደርገው መነካካት ያመጣው ለውጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ይህንን በሥርዓት የሚያሰላ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ለማግኘት ሦስት ሰዎች በሦስት መንገድ ሄዱ።

አንደኛው ቶሞናጋ ነው። ቶኪዮ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥላለች፤ ከጦርነቱ በኋላም ምግብ ብርቅ ነው፣ የውጭ መጽሔት አይገባም። ቶሞናጋ የንድፈ ሐሳቡን መሠረት በ1943 በጃፓንኛ አሳትሞት ነበር፤ ከጃፓን ውጭ ግን ማንም አላነበበውም። የላምን ግኝት የሰሙት ከፊዚክስ መጽሔት ሳይሆን ከአንድ የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት የሳይንስ ዓምድ ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ አሰላና በ1948 ለኦፐንሃይመር ደብዳቤ ጻፈ፤ ያን ጊዜ አሜሪካኖቹ ደከምንበት ያሉት ሥራ ፍርስራሽ ውስጥ ባሉ ሰዎች አስቀድሞ መሠራቱን አወቁ። መጻሕፍትና ኢንተርኔት አነሰን ለሚሉ ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ደጋግሜ ብነግር አይሰለቸኝም። የጁባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ በ1975 ተመሥርቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ካርቱም ተሰዶ ዓመታት አሳልፎ ነው የተመለሰው።

ሁለተኛው ሽዊንገር ሲሆን፣ እሱም ልክ እንደ ቶሞናጋ በመስክ ቋንቋ ብቻ ገጽ በገጽ እኩልታ እየጻፈ አሰላ። ሦስተኛው ፋይንማን ነው። እሱ ሥዕል ይሥላል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲገፋፉ ሁለት መስመር ይሥልና በመካከላቸው አንድ የተጠማዘዘ መስመር ያደርጋል፤ ይህቺ መሐል ላይ ያለችው መስመር «ቨርቹዋል ፎቶን» ተባለች። በ1948 ጸደይ ፖኮኖ በተባለ ስብሰባ ላይ ሲያቀርበው አልተሳካለትም፤ ቦር ኤሌክትሮን እንደዚህ ያለ የተሣለ መንገድ የለውም ብሎ ተቆጣ። በዚያው በጋ ዳይሰን የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ አሜሪካን በአውቶቡስ እያቋረጠ ሲያስብበት ቆየና በ1949 ሦስቱም ንድፈ ሐሳቦች አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ። ቶሞናጋ፣ ሽዊንገርና ፋይንማን በ1965 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ነው። ሽዊንገር አንዲት ቨርቹዋል መስመር ሳይሥል ፋይንማን ያገኘውን ቁጥር አግኝቷል። ነገሩን በኮንዮ ኮንዮ ገበያ እንየው። አንዱ ነጋዴ 27 ኪሎና 38 ኪሎ ማሽላ ሲደምር «7 ሲደመር 8፣ 15፤ 5 ጽፌ 1 በእጄ» ይላል። ሌላዋ ነጋዴ 27ቱን 30 አድርጋ 68 ትልና 3 ትቀንሳለች። ሁለቱም 65 ኪሎ ይላሉ፤ ሚዛኑም ይመሰክራል። ያቺ «በእጄ» የተባለችው 1 የት አለች? ከጆንያው ውስጥ ብንፈልጋት አናገኛትም፤ በሁለተኛዋ ነጋዴ ስሌት ውስጥ እንኳ የለችም። ግን የመጀመሪያው ነጋዴ ቢረሳት ሒሳቡ ይበላሻል። ማሽላው እውነት ነው፣ 65ቱ እውነት ነው፣ «በእጄ» የተባለችው ግን የዘዴው ናት።

የፋይንማን መስመርም እንደዚያ ነች። በፔረን መለኪያ ብንመዝናት አታልፍም፤ በተለያየ ዘዴ ስንሄድ የቨርቹዋል ቅንጣቶቹ ቁጥር አንድ አይሆንም፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋሉ። የኤሌክትሮንን ማግኔታዊ ጥንካሬ ለማስላት ጃፓናዊው ኪኖሺታና ባልደረቦቹ በ2012 በአንድ የስሌት ደረጃ ላይ ብቻ 12,672 ሥዕሎችን ደመሩ። ከእነዚህ አንዱን ነጥለን «ይኸኛው ተፈጸመ፣ ያኛው አልተፈጸመም» ማለት አንችልም፤ ትርጉም ያለው ድምሩ ነው። በሌላ በኩል በ2008 አንድ ቡድን የፕሮቶንን መጠነ ቁስ ያለ ፋይንማን ሥዕል፣ ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ ከፋፍሎ በትልልቅ ኮምፒውተሮች አስልቷል።

ሌላም አለ፣ ይህ እንኳ ለመምህራን ነው። በ1930ዎቹ በነበረው የስሌት ዘዴ በመካከለኛው ደረጃ ሞመንተም ይጠበቃል፣ ኢነርጂ ግን አይጠበቅም። «ብድር» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። በፋይንማን ዘዴ ደግሞ በእያንዳንዱ መገናኛ ነጥብ ኢነርጂም ሞመንተምም ይጠበቃሉ፣ ማንም ከማንም አይበደርም። እዚያ የሚፈርሰው ሌላ ነገር ነው፤ መስመሯ የያዘችው ኢነርጂና ሞመንተም ከቅንጣቷ መጠነ ቁስ ጋር አይጣጣሙም። ቨርቹዋል ቅንጣት በእርግጥ በዚያ ቅጽበት አንድ ነገር ስታደርግ ከነበረ፣ ሁለት ትክክለኛ ዘዴዎች ስለ አደረገችው ነገር እንዲህ ሊቃረኑ አይገባም ነበር። በእኔ ግምት ጉዳዩን የሚወስነው ይህ ነው። ስለዚህ በፈተና ላይ «ቨርቹዋል ቅንጣት ኢነርጂን ትበደራለች፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ጥያቄ ባይወጣ ጥሩ ነው።

«ብቅ ብለው ይጠፋሉ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ባዶ ቦታ ከጊዜ ጋር የማይለዋወጥ ሁኔታ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚወጣ የሚገባ የለም። ያለው ይህ ነው። ባዶ በተባለው ቦታ ላይ መስኩን ብንለካው አማካዩ ዜሮ ሆኖ እያንዳንዱ ውጤት ግን ከዜሮ ወዲያና ወዲህ ይሆናል።

ታዲያ የካዚሚር ግፊትስ? ይህ ዋናው መከራከሪያቸው ነው። ካዚሚር በሆላንድ የፊሊፕስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። በ1948 ሁለት ኤሌክትሪክ ያልተሞሉ የብረት ገጾች በባዶ ቦታ በጣም ቢቀራረቡ ይሳሳባሉ አለ። በመካከላቸው የሚገቡት የመስክ ሞገዶች ከውጭ ካሉት ስለሚለዩ ነው። ኃይሉ ትንሽ ነው። ርቀቱ አንድ ማይክሮሜትር ሲሆን ግፊቱ 1.3 ሚሊፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ 16 እጥፍ ይጨምራል፤ 10 ናኖሜትር ላይ ከአየር ግፊት ጋር ይስተካከላል። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ ሲያትል ላይ በጥሩ ሁኔታ ለካው። ስለዚህ ግፊቱ አለ፣ ክርክር የለውም። ግን የማን ግፊት ነው? ሊፍሺትዝ በ1950ዎቹ በብረቱ ውስጥ ባሉ ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴዎች መሳሳብ አድርጎ አስልቶታል፤ የኤምአይቲው ሮበርት ጃፊም በ2005 የባዶ ቦታን ኢነርጂ ሳይጠቅሱ ውጤቱን ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። በ2011 ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያገለግል ኤሌክትሪካዊ ዑደትን በፍጥነት ሲያንቀጠቅጡ ከባዶ ቦታ የማይክሮዌቭ ፎቶኖች ወጡ፤ ጋዜጦቹም «ቨርቹዋሉ እውነተኛ ሆነ» አሉ። በልኩ እንናገር ካልን ግን የወጡት ፎቶኖች ኢነርጂ የመጣው መስታወቱን ካንቀጠቀጠው መሣሪያ ነው፤ የተነካው ደግሞ መስኩ ነው። ሆኪንግም በ1970ዎቹ ጥቁር ጉድጓድ እንደሚያበራ ሲያስረዳ የቅንጣቶች ጥንድ ምሳሌ ተጠቅሞ፣ ቃል በቃል እንዳይወሰድ ራሱ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተረሳ፣ ምሳሌው ቀረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዩካዋና የደብልዩ ታሪክ የት ገባ ትሉ ይሆናል። የማሽላው ምሳሌያችን የሚያጥረውም እዚህ ላይ ነው፤ «በእጄ» የተባለችው 1 ከቶ ሰማይ ላይ አትገኝም፣ ፓዮን ግን ተገኝቷል። መልሱ ያለው መስክ ላይ ይመስለኛል። በኒውክሊየስ ውስጥም በተራራው ላይም ያለው ያው አንድ መስክ ነው። በቂ ኢነርጂ ሲያገኝ ተለይቶ የሚቆጠር፣ ፕሌት ላይ አሻራ የሚተው ሞገድ ይሆናል፤ እሱን ቅንጣት እንላለን። ካላገኘ ግን ይገፋል፣ ይስባል፣ የኢነርጂ ደረጃ ይለውጣል፤ የሚቆጠር ነገር ግን አይሆንም። ለተማሪዋ «መስኩ አለ፤ መስመሯ የስሌታችን ናት» ብንላት አልዋሸንም።

ሌላኛው ወገን ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ አለው፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ተገቢ አይሆንም። ከፀሐይ የወጣች ፎቶን 8 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ገደማ ተጉዛ ዓይናችን ውስጥ ትጠፋለች። በአንድ ኤሌክትሮን ተለቅቃ በሌላ ኤሌክትሮን ተውጣለች። በሥዕል ብናስቀምጣት እሷም መሐል ላይ ያለች መስመር ናት! ታዲያ እሷም ቨርቹዋል ናት? ጥብቅ በሆነው ሒሳብ ልዩነቱ የደረጃ ነው፤ ረጅም መንገድ የሄደችው ፎቶን ኢነርጂዋና ሞመንተሟ ከእውነተኛዋ ለመለየት እስከማይቻል ድረስ ይጣጣማሉ፣ በአቶሙ ውስጥ ያለችው ግን በጣም ትርቃለች። በሁለቱ መካከል ድንበር የሚሆን ችካል የለም። አንዳንድ የፊዚክስ ሊቃውንት በዚህ ምክንያት «ሁሉም ነው ወይም ምንም አይደለም» ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ በመቁጠሪያ መሣሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን የምንቆጥረውን እንለያለን። በ2023 በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ኤሌክትሮን ማግኔታዊ ጥንካሬ ተለክቶ 1.00115965218059 ሆኗል፤ ከስሌቱ ጋር እስከ አሥራ ሁለተኛው አኃዝ ገደማ ይገጥማል። ቁጥሩን የሚክድ ማንም የለም። ክርክሩ የቀጠለው ከቁጥሩ ጀርባ የትኛውን ሥዕል ሰሌዳ ላይ እንሣል በሚለው ነው።